ጎረቤት ግሩፕ ወደ ጥላቻ ሲዞር፦ መቁረጥ ወይስ መታገስ?

ይህን የምጽፈው ለአድሚኖች ነው። በተለይ ከፖለቲካ ጋር ምንም የማይገናኝ ግሩፕ ይዘው ፖለቲካው በጓሮ ለሚገባባቸው።

እኔ ቢሾፍቱ ውስጥ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አረባለሁ። ጎን ለጎን ከሌሎች ጋር ሆኜ የዶሮ አርቢዎችን የቴሌግራም ግሩፕ አስተዳድራለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን በሽ በሽ ነው። አባሎቻችን ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከመቀሌ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ ናቸው። የምናወራው ስለ ፈንግልና ስለ ጉምቦሮ ክትባት ነው። ስለ ፋጉሎ ዋጋ ነው። ቄብ ማን ጋ እንዳለ ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ እንቁላል አልነሳ አለ ብለን እናማርራለን፤ ፋሲካ ሲቃረብ ድምፃችን ይጠፋል።

እንዲህ ያለ ግሩፕ ለብቻው አይኖርም። ጎረቤቶች አሉት፦ የመኖ ነጋዴዎች ግሩፕ፣ የየከተማው የገበያ ግሩፕ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ቻናል። ማታ ማታ አንዳችን የሌላችንን ሊንክ እንለጥፋለን። ችግሩ የሚመጣው ከጎረቤቶቹ አንዱ ስለ ዶሮ ዘር ማውራት ትቶ ስለ ሰው ዘር ማውራት ሲጀምር ነው። ያኔ "እኛ ምን አገባን፣ ዶሮ ነው የምናወራው" የሚል አለ። "ዛሬውኑ ቆርጣችሁ ጣሏቸው" የሚልም አለ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ግሩፑን ገብተው አላነበቡም።

የእኔን መለኪያ አስቀድሜ ልናገር። መጥፎ አባል የሌለው ግሩፕ የለም፤ የእኛም ውስጥ ሞልቷል። እኔ የማየው አድሚኖቹ መጥፎውን ጽሑፍ ካዩ በኋላ ምን እንዳደረጉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እሱን በትክክል ለማወቅ የሚሠራ ሥራ ነው።

ምን ምን ያገናኛችኋል?

"ከእነሱ ጋር ምንም የለንም" ማለት ቀላል ነው። ስልካችሁን አውጡና እዩት እስቲ። መጀመሪያ የጋራ ማስታወቂያው አለ፤ "ምርጥ ግሩፖች" ተብሎ ማታ የሚለጠፈውና ጠዋት የሚጠፋው ዝርዝር። ቀጥሎ ፎልደር አለ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ብዙ ቻናልና ግሩፕ በአንድ ሊንክ ማጋራት ፈቅዷል። የእናንተን ጥሩ ስም አይቶ ሊንኩን የነካ ሰው ሳያስተውለው እነዚያ ጋም ይገባል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይሄንን ነው፤ ሰዉ አምኖን ነው የሚገባው።

ፎርዋርድም አለ። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት ከላዩ ላይ ከየት እንደመጣ ይጽፋል፤ ያንን ስም መንካት ብቻ ወደዚያ ይወስዳል። ስለ በቆሎ ዋጋ የተጻፈ ምንም የማይል መልእክት ሊሆን ይችላል። በሩ ግን ክፍት ነው። ከዚያ የጋራ አድሚን፣ የጋራ ቦት፣ ድሮ ፒን ተደርጎ የተረሳ መልእክት፣ ማስታወቂያ የተከፈለበት ገንዘብ። ሁሉንም በወረቀት ጻፉት። በኋላ "ቆርጠናል" ስትሉ ምኑን እንደቆረጣችሁ የምታውቁት በዚህ ወረቀት ነው።

የጋራ አድሚኑን ነገር ለብቻው ላንሳ። እዚያም እዚህም አድሚን የሆነ ሰው ካለ ውሳኔው ላይ ድምፅ አይስጥ፤ መረጃ ግን ይስጥ። ብዙውን ጊዜ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

በስክሪንሾት አይፈረድም

ነገሩ የሚጀምረው አንድ ሰው በውስጥ መስመር ስክሪንሾት ሲልክላችሁ ነው። "እዩ እነዚህን!" ይላችኋል። ስክሪንሾት ቀንም ላይኖረው ይችላል፣ ከላይና ከታች የነበረው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ የተሠራም ሊሆን ይችላል። የመልእክቱን ሊንክ ጠይቁ። ግሩፑ ክፍት ከሆነ አባል ሳትሆኑም ገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

ስታነቡ ተራ ቀን ብቻ አታንብቡ። ተራ ቀን ሁሉም ጨዋ ነው። አገር የሚያንቀጠቅጥ ነገር የተፈጠረበትን ሳምንት ፈልጉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለበትን፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ጦርነቱ የጀመረበትን። ያኔ ግሩፑ ካልነበረ ከዚያ ወዲህ ስንት ክፉ ሳምንት አልፏል! አድሚኖቹ በዚያ ሰሞን ምን ፒን አደረጉ? ማንን አባረሩ? ማንን ዝም ብለው አለፉ?

ቋንቋ ሌላ ጣጣ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ገበያ ላይ ያደርሰኛል፣ ነገር ውስጥ ግን አያስገባኝም። ትግርኛ አላነብም። ስለዚህ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈን ነገር ቢያንስ ሁለት የማይመካከሩ ሰዎች አንብበው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። የስልኩ ተርጓሚ ምጸት አይገባውም። ቅኔ ደግሞ ጭራሽ። በአማርኛም ቢሆን "አረም ይነቀል" የሚለው ስለ ማሳ ነው ወይስ ስለ ሰው የሚለውን ማሽን አይነግራችሁም፤ የአካባቢው ሰው ግን ወዲያው ይነግራችኋል።

ያያችሁትን ወዲያው አስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ ጸሐፊው ካጠፋው ከሁሉም ሰው ይጠፋል። ሊንኩን፣ ቀኑን፣ ስክሪንሾቱን አንድ ላይ ያዙ። የማንም ተራ አባል ስምና ስልክ ግን ከአድሚኖች ክብ አይውጣ።

ሦስት መልእክቶች

ልዩነቱን በደንብ ያየሁት በአንድ የጫጩት ጉዳይ ነው። አንድ ገዢ የአንድ ቀን ጫጩት አዘዘ። ጫጩቱ በካርቶን ተጭኖ ሌሊቱን ተጉዞ ደረሰ። ካርቶኑ ሲከፈት ብዙው ሞቷል። ጫጩት መንገድ ላይ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ብርድ አለ፣ መታፈን አለ፣ ከመነሻውም ደካማ ሊሆን ይችላል። ሰውዬው ጎረቤታችን በሆነው የገበያ ግሩፕ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ይሄ ሻጭ የላከልኝ ጫጩት ሞቶ ነው የደረሰው። ስልክም አያነሳም። ተጠንቀቁ።"

ይሄ ቅሬታ ነው። ቁጣ አለበት፣ መብቱ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ጥላቻ ብላችሁ ካጠፋችሁ ለአጭበርባሪ ከለላ ሆናችሁ ማለት ነው። ሻጩም ከሥሩ መልስ ይስጥ።

ከሥሩ የመጣው ግን የሻጩ መልስ አልነበረም። ሌላ ሰው ነው፦ "የእነዚያ ሰዎች ነገር ሁሌም እንደዚህ ነው። ሲፈጥራቸውም አታላይ ናቸው። ከእነሱ ምንም አትግዙ።" ልብ በሉ፣ ሻጩ ጠፋ። አንድ ሰው የነበረው ተከሳሽ ሕዝብ ሆነ። ጥፋቱም ጫጩት መሞቱ መሆኑ ቀርቶ መወለድ ሆነ። ይሄ ጥላቻ ነው፤ ስድብ ባይኖርበትም፣ በጨዋ አማርኛ ቢጻፍም።

በማግስቱ ሦስተኛው መጣ። "ጫጩቱን መርዘው ነው የሚልኩት፣ ሊያደኸዩን ነው። መኪናቸው በከተማችን ማለፍ የለበትም።" ከሥሩ የአንድ አይሱዙ ታርጋ ቁጥርና የሾፌሩ ስልክ ተለጥፏል።

እዚህ ላይ ስብሰባ የለም። መለኪያም አያስፈልግም። መጀመሪያ ያደረግነው ለሾፌሩ መደወል ነው። ቀጥለን መልእክቱን ለቴሌግራም ሪፖርት አደረግን፣ ለግሩፑ አድሚንም ደወልን። የሰው አድራሻ ከጥላቻ ጋር ሲለጠፍ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በዚህች አገር መማሪያ አላጣንም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ናይሮቢ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው ሜታ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ከግድያው በፊት የአባቱ ስምና ፎቶ በፌስቡክ ከውንጀላ ጋር ሲሰራጭ እንደነበርና እንዲነሳ ደጋግሞ እንዳመለከተ ይናገራል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ሰውን በነፍሳት፣ በአውሬ፣ በበሽታ ስም መጥራት አንዱ ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 የአር ቲ ኤል ኤም ሬዲዮ ቱትሲዎችን "በረሮ" ይል ነበር፤ ከመሥራቾቹ ሁለቱ በ2003 በሩዋንዳ ጉዳይ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ችሎት ተፈርዶባቸዋል። "ሳይቀድሙን እንቅደማቸው" ሌላው ነው። በየሳምንቱ የሚቀየር የቅጽል ስምም አለ፤ ለእናንተ ምንም የማይል፣ አባሎቹ ግን አይተው የሚሳሳቁበት። ስትጠራጠሩ የእናንተን ብሔር ወይም ሃይማኖት ስም በዚያ ቦታ አስገብታችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ከጎረበጣችሁ መልሱን አገኛችሁ።

ጥላቻ ያልሆነውንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ እንዲያውም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይበዛል ባይ ነኝ። መንግሥትን መተቸት ጥላቻ አይደለም። ፓርቲን ማብጠልጠልም አይደለም። "የእኛ ሰዎች ተገደሉ" ብሎ ማልቀስ ጥላቻ አይደለም፤ ሐዘኑ እናንተን ባይመችም። የታሪክ ክርክር ጥላቻ አይደለም፤ አሰልቺ ነው እንጂ። የማትወዱትን ሐሳብ ሁሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ከከተታችሁ ግሩፓችሁ የአንድ ወገን ክበብ ሆኖ ያርፋል።

መካከለኛው ላይ ስንጋጭ

በሁለተኛውና በሦስተኛው መልእክት መካከል ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። እኛ አድሚኖች ስንጋጭ የምንጠቀመው ሞሮኮ ራባት ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ባለሙያዎች ያወጡትን ስድስት ጥያቄ ነው። የተሠራው ንግግር መቼ በወንጀል ሊያስጠይቅ እንደሚገባ ለመለየት ነው፤ ስለዚህ መስፈርቱ ከባድ ነው። ለእኛ ግን ጭቅጭቁን ወደ ሥራ ይመልሰዋል። በራሴ አነጋገር እንዲህ ናቸው፦ ጊዜው እንዴት ያለ ነው? ተናጋሪው ማነው፣ የሚሰማውስ አለ? ሆን ብሎ ነው? ምን ነው ያለው፣ እንዴትስ አለው? ስንት ሰው ዘንድ ደረሰ? ነገ ጠዋት የሆነ ሰው ላይ ጉዳት የማድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው?

ከስድስቱ ብዙ ክርክር የሚዘጋው "ተናጋሪው ማነው" የሚለው ነው። አንድ ስሙን የማናውቀው ልጅ ሌሊት የጻፈውና ግሩፑ በሙሉ የሚያውቀው ትልቅ ነጋዴ የጻፈው ቃል በቃል አንድ ቢሆንም ክብደቱ አንድ አይደለም። አድሚኑ ራሱ ከጻፈው ደግሞ ምን ትቆጥራላችሁ?

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ማስፋፋት ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው፤ በንግግሩ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። ፎርዋርድ ማድረግም ማሰራጨት መሆኑን አትርሱ። ይህን የምላችሁ ግን ለጥንቃቄ እንጂ ሕጉን መለኪያ አድርጉ ለማለት አይደለም። ወንጀል ሳይሆን ጉርብትና የሚያበላሽ ነገር ብዙ ነው።

አድሚኑን አናግሩት

መጀመሪያ በውስጥ መስመር ጻፉ። በሰው ፊት አታሳጡት፤ በሰው ፊት የተነካ ሰው ጥፋቱን አይቶ አይመለስም፣ ለክብሩ ሲል ይጋፈጣል። እኔ የጻፍኩት ይህን ይመስል ነበር፦

"ጤና ይስጥልኝ። ከዶሮ አርቢዎች ግሩፕ ነኝ። ግሩፕዎ ላይ የተለጠፉ ሁለት መልእክቶች ሊንክ ከዚህ በታች አለ። ሁለቱም አንድን ሕዝብ በጅምላ ይወነጅላሉ፣ አንዱ ደግሞ የሰው ታርጋና ስልክ ይዟል። ታርጋ ያለበትን አሁኑኑ እንዲያጠፉልን እንለምናለን። በሌላው ላይ ምን እንደሚያደርጉ እስከ እሑድ ቢያሳውቁን። እስከዚያ የጋራ ማስታወቂያውን አቁመናል። አባሎቻችን ከየአቅጣጫው ናቸውና ጉዳዩን እንደሚረዱልን እናምናለን።"

ሰውዬው ደወለ። የመኖ ነጋዴ ነው፣ በሥራ እንተዋወቃለን። "እህቴ፣ ሰዉ ተናዶ ነው የሚጽፈው፣ እኔ ምን ላድርግ?" አለኝ። ይሄ መልስ ብቻውን መጥፎ አይደለም፤ ደክሞት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሺህ ሰው ያለበትን ግሩፕ ለብቻ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ መንገድ ነገርኩት፦ ረዳት አድሚን ጨምር፣ ስሎው ሞድ (አንድ ሰው በላይ በላዩ እንዳይጽፍ የሚያደርገውን) አብራ፣ አዲስ የገባ ሰው ለጥቂት ቀን ሊንክና ፎቶ እንዳይለጥፍ አድርግ።

ከዚያ የሚታየው ነገር ነው። የታርጋው መልእክት በሰዓታት ውስጥ ጠፋ፤ ይህን ለእሱ እቆጥርለታለሁ። ሁለተኛው ግን ቆየ። እሱን የተቃወመ አንድ አባል ነው ባን የተደረገው። "ግሩፑን አታበጣብጥ" ተብሎ። ሳምንት ሳይሞላ አድሚኑ ራሱ ያንኑ ወሬ ከሌላ ቻናል ፎርዋርድ አድርጎ ፒን አደረገው።

እኔ ለመቁረጥ የወሰንኩት እዚያ ላይ ነው። ተቃዋሚው ተባርሮ ተሳዳቢው ሲቀር ግሩፑ አቋሙን ተናግሯል። በግሩፑ ደንብ ላይ "ዘረኝነት ክልክል ነው" ተብሎ ተጽፏል፤ አሁንም ተጽፎ አለ።

ዝም ያሉትን ጠይቁ

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። በዚያ ግሩፕ ላይ ስማቸው የሚነሳው ሰዎች እናንተ ጋ አሉ። ፈልጓቸው። እኛ ጋ ስለ መብራትና ስለ ሙቀት ሳትሰለች የምትጠይቅ አንዲት እናት ነበረች። ጠፋች። በውስጥ ስጽፍላት "እትዬ፣ ሊንኩን ስትለጥፉት ሳይ እናንተም እንደዚያ የምታስቡ መስሎኝ ነው" አለችኝ። ክስ አልነበረም፤ ዝም ብላ ነው የነገረችኝ።

"ስንት ሰው ይደግፋል" ብላችሁ ድምፅ ብቻ አትሰብስቡ። ፖል ቀላል ነው፣ ግን ያልተነካው ሁሌም ይበዛል፤ የተነካውም በገሃድ ድምፅ መስጠት ይፈራል። የአድሚኖቹን ስብጥርም እዩ። ሁላችሁም ከአንድ አካባቢ ከሆናችሁ ውሳኔያችሁ ትክክል ቢሆንም ማንም አያምናችሁም። እኛ ይህን ከመወሰናችን በፊት ሁለት ሰው ጨምረናል።

አንድ ሌላ ነገር። ይሄ መለኪያ "በእኛ ወገን" ለሚባለውም ግሩፕ ይሠራል? በዚያው ሰሞን በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሳደብ ሌላ ጎረቤት ነበረን፤ ለእኔ በስድቡ ባይሆንም በቋንቋው የሚቀርበኝ። ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጽሑፍ ነው ያቆምነው። አንዱን ብቻ ብንቆርጥ ወገንተኛ መባላችን እውነት ይሆን ነበር።

መቁረጥ ይጠቅማል ወይ?

"ብትቆርጧቸው የትም አይሄዱም፣ ይብሳሉ" የሚል ክርክር አለ። ባዶ ወሬ አይደለም። ሬዲት የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 ውስጡ የነበሩ የጥላቻ መድረኮችን ዘግቶ ነበር። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለቱን ተከታትለው በ2017 እንዳሳተሙት ብዙ ተጠቃሚዎች ጭራሽ ለቀው ሄዱ። የቀሩት ደግሞ የጥላቻ ቃል አጠቃቀማቸው ቢያንስ በ80 በመቶ ቀነሰ፤ የተሰደዱባቸው መድረኮችም አልተበከሉም። ሌላው ወገን ደግሞ ይሄ ነው፦ ለዶናልድ ትራምፕ ደጋፊዎች ሬዲት ላይ የነበረው ትልቁ መድረክ ወደ ራሱ ድረ ገጽ ሲዛወር የሚጽፈው ሰው ቀነሰ፣ የቀሩት ግን ቋንቋቸው ይበልጥ ከረረ። ሁለቱን አብሬ ሳነብ የሚገባኝ፣ መቁረጥ የተቆረጠውን ሰው ባሕርይ አያሻሽልም፤ አዲስ ሰው ወደዚያ የሚገባበትን መንገድ ግን ያጠብባል። እኛም ማድረግ የምንችለው ያንኑ ነው፤ በእኛ ሊንክ በኩል ሰው እንዳይገባ።

ዋጋም አለው። እዚያ ግሩፕ ላይ የእንቁላል ዋጋ በየጠዋቱ ይወጣ ነበር፤ አባሎቻችን ይጠቀሙበት ነበር። ሳንቆርጥ በፊት የራሳችንን የዋጋ ርዕስ ከፈትንና ከየከተማው ዋጋ የሚልክ ሰው መደብን። ይህን ሳታደርጉ ብትቆርጡ ሰው ተመልሶ ወደዚያው ይሄዳል፣ እውነቱን ነው።

እንዴት ይቆረጣል?

መካከለኛ ደረጃ አለ። ማስቶዶን የሚባለው ማኅበራዊ ሚዲያ በብዙ የተለያዩ ሰርቨሮች ነው የሚሠራው፤ የአንዱ ሰርቨር አስተዳዳሪ ሌላውን መገደብ ወይም ጨርሶ ማገድ ይችላል። ሲገድበው የሚከተሉት ሰዎች ያዩታል፣ ለሌላው ግን አይታይም። ከዚህ ሐሳብ ወስደን እኛም በሁለት ደረጃ ነው የምንሠራው። አድሚኑ እየሞከረ ከሆነ ማስታወቂያና ፎልደር ብቻ እናቆማለን። አድሚኑ ራሱ ካሰራጨው፣ ወይም ተቃዋሚን ካባረረ፣ ሁሉም ይቆማል።

ወረቀቱን አውጡ። ከፎልደሩ አስወጧቸው፣ ፎልደሩ የእነሱ ከሆነ እናንተ ውጡ። ያገናኛችሁን ቦት አንሱ። የድሮ ፒኖችን ፈትሹ። የጋራ አድሚኑ አንዱን ይምረጥ። ሊንካቸውን ወዲያው የሚያጠፋ ቦት አስገቡ። ከዚያ አጭር ማስታወቂያ ለጥፉ። የእኛ እንዲህ ይል ነበር፦

"ውድ አባላት፣ ከሁለት ጎረቤት ግሩፖች ጋር የነበረንን የጋራ ማስታወቂያና ፎልደር አቁመናል። ምክንያቱ ሰውን በብሔሩ በጅምላ የሚወነጅሉ ጽሑፎች መለጠፋቸውና አድሚኖቹ ተነግሯቸው አለማስተካከላቸው ነው። እዚያ ያላችሁ አባላት አባልነታችሁ የግላችሁ ነው፤ ማንንም አናስወጣም። ከዚያ ፎርዋርድ ማድረግ ግን ከዛሬ ጀምሮ አይቻልም። የዕለቱ ዋጋ በራሳችን ርዕስ ይወጣል። ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር።"

ስክሪንሾት አልለጠፍንም። ማስረጃ አምጡ የሚል ይመጣል፤ በውስጥ አሳዩት። ጥላቻውን ለማውገዝ ብላችሁ ለራሳችሁ አባላት በሙሉ ካደላችሁት የእነሱን ሥራ ሠራችሁላቸው ማለት ነው።

ስለ ራሳችሁም አስቡ። ማስታወቂያውን በአንድ ሰው ስም አታውጡ፤ ቴሌግራም አድሚን ስሙ ሳይታይ በግሩፑ ስም እንዲጽፍ ይፈቅዳል። ስልክ ቁጥራችሁ ለማንም እንዳይታይ አድርጉ። የእርሻችሁን ቦታ የሚያሳይ ፎቶ ካለ አንሱት። ቀን ላይ ለጥፉ እንጂ ሌሊት አትለጥፉ፤ ለጥፋችሁ ተኝታችሁ ጠዋት ስትነሱ የምታገኙት ነገር ደስ አይልም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አዲስ አባል በማጽደቅ ብቻ ይግባ። የግሩፑ የቅርብ ጊዜ ድርጊቶች መዝገብ የሚያሳየው ያለፈውን 48 ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማን ምን እንዳጠፋ በየዕለቱ እዩት።

ከዚያ በኋላ

አንዳንድ ሰው ጥሎ ይወጣል። ይውጣ። እዚያም እዚህም ያለ አባል ግን የእናንተ አባል ነው፤ እዚህ የሚጽፈውን ብቻ ተመልከቱ። እዚያ ምን እንደሚጽፍ እየተከታተሉ መሰለል ሌላ በሽታ ነው፣ ደግሞም ጊዜው የለንም።

የተቆረጠው አድሚን ሊመለስ ይችላል። የእኛው ተመልሷል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ገበያው ሲደራ። "እንደ ድሮው እንሁን" አለ። ሦስት ነገር ጠየቅነው፦ ፒኑ ይውረድ፣ የተባረረው አባል ይመለስ፣ ከሌላ አካባቢ የሆነ አድሚን ይጨመር። ፒኑን አወረደ። ሰውየውን መለሰው። አድሚን እፈልጋለሁ ብሎ እየፈለገ ነው፤ እኛም ሁለት ሆነን በየተራ ግሩፑን እያነበብን ነው። እስከዚያ ፎልደሩ ውስጥ የለም።